እርሳሱን ከእናት እጅ አንንጠቅ

ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ቤት እንገባለን። ከመካከላችን በፔራሕም ሆነ በሌላ የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ልጅ የሚያስጠና ሁሉ ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቀዋል። እናት በሩን ትከፍታለች፤ የቤተሰባችንን ደኅንነት አንድ በአንድ ትጠይቃለች፤ ጠረጴዛውን ትወለውላለች፤ ልጇን ጠርታ ታስቀምጣለች። ከዚያ «በሉ እናንተ ተማሩ፣ እኔ አልረብሻችሁ» ብላ ወደ ማድ ቤት ትገባለች። የቡናው ሽታ ሲመጣ ሰዓታችን ሊያልቅ እንደሆነ እናውቃለን።

ለብዙ ጊዜ ይህ ጨዋነት መስሎን ነበር። እሷ እኛን አከበረች፣ እኛም እሷን አላስቸገርንም ብለን ቡናችንን ጠጥተን እንወጣ ነበር። አሁን ስናስበው ተሳስተናል። በተለይ ልጁ ክታ አሌፍ ሆኖ የምናስተምረው ክታቭ ሲሆን፣ እናትን ወይም አባትን ከጠረጴዛው ማራቅ ትልቅ ስሕተት ነው እንላለን። ለምን እንደምንል እናስረዳ።

ሁለት መልክ ያለው ፊደል

የዕብራይስጥ ፊደል 22 ነው። 5ቱ በቃል መጨረሻ ላይ ሲመጡ ቅርጻቸው ስለሚለወጥ 27 ቅርጽ ይሆናል። ይህ ድፉሱ ብቻ ነው። ክታቭ ሲመጣ ደግሞ ሌላ 27 ይጨመራል። አንዳንዱ ከድፉሱ ጋር ይመሳሰላል፤ እንደ አሌፍ፣ እንደ ጊሜል፣ እንደ ሺን ያለው ግን ከድፉሱ ጋር ዘመድም አይመስል። የ6 ዓመት ልጅ ሁለቱንም በዓይኑ ለይቶ፣ አንዱን ደግሞ በእጁ ማውጣት አለበት። አንዳንድ ትምህርት ቤት ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተምራል፤ ሌላው ድፉሱን አስቀድሞ ክታቩን በኋላ ያመጣል። ወላጅ ግን ይህን የሚነግረው ሰው ብዙ ጊዜ የለም። ልጁ ትናንት የተማረውን ፊደል ዛሬ በሌላ መልክ ሲጽፈው አይቶ «ይሄ ልጅ ተሳሳተ» ብሎ የተቆጣ አባት እናውቃለን።

አይፈረድበትም። የኛ ፊደል 33ቱ በ7 እየተረቡ 231 ይሆናሉ፤ ብዛቱ ያስፈራል። ነገር ግን መጽሐፍ ላይ የታተመው «ሀ» እና ደብተር ላይ የተጻፈው «ሀ» አንድ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎንደር ገጠር ውስጥ ፊደል የቆጠረ ሰው፣ አንዴ ካወቀው አወቀው ነው። ሁለተኛ ልብስ የለውም።

ድፉስ በየመንገዱ አለ፤ አውቶቡስ ላይ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ስልክ ላይ፣ ሲዱር ላይ። ወላጆቻችን በኡልፓን የያዙት ጥቂትም ቢሆን የሚቆየው በየቀኑ ዓይናቸው ስለሚያየው ነው። ክታቭ የሚኖረው ግን በሰሌዳው፣ በልጁ ደብተርና መምህርቷ በብዕር በምትጽፈው ማስታወሻ ላይ ነው። ስልክ ድፉሱን ፎቶ አንስቶ ይተረጉማል፤ የመምህርቷን የእጅ ጽሑፍ ሲያገኝ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። ስለዚህ ስለ ልጃቸው የተጻፈውን ነገር ወላጆች የሚሰሙት ከልጆቻቸው አፍ ነው።

እኛ ያነበብነው ማስታወሻ

በእኛ ቤት የሆነውን እንናገር። ወንድማችን ክታ ቤት እያለ መምህርቱ በደብተሩ ጀርባ አራት መስመር በክታቭ ጻፈች። እናታችን ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «አንብቡልኝ» አለችን። እኛ ታላላቆቹ ተያየን። የተጻፈው ልጁ ከክፍሉ ወደ ኋላ እየቀረ መሆኑን፣ ሲጽፍ እጁ ቶሎ እንደሚደክም፣ እናቱም መጥታ እንድታነጋግራት የሚጠይቅ ነበር። እኛ ያነበብነው «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይለማመድ ትላለች» ብለን ነው። እናታችን ፈጣሪዋን አመሰገነች፤ ብዕር አምጡ ብላ በፊደል ፈረመች።

ክፋት አልነበረም። እናታችን ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ስትሄድ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ በማታውቀው ቋንቋ ስትወቀስ ታየን። ወንድማችንም እንዲቀጣ አልፈለግንም። ትንሽ ደግሞ አፈርን። መምህርቷ ግን ፊርማውን አየች፣ እናት ጠበቀች፣ እናት አልመጣችም። ምን እንዳሰበች መገመት አያስቸግርም፤ «እነዚህ ወላጆች ግድ የላቸውም» የሚለውን ወሬ ሁላችንም ሰምተነዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መምህርት ስልክ ደውላ ነገሩ ወጣ። እናታችን አልጮኸችም። «እኔ ዓይኔ እናንተ ናችሁ ብዬ ነበር» ብቻ አለችን።

ዛሬ በማኅበራዊ ሥራ ትምህርታችን ይህን ነገር በስሙ ተምረነዋል። የሚና መገልበጥ ይባላል። ልጅ የቤቱ አንባቢ፣ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሲሆን፣ ወላጅ በልጁ ዘንድ ጠባቂ ይሆናል። ባንክ፣ ኩፓት ሆሊም፣ ቢቱዋሕ ሌኡሚ፤ ሁሉም ወረቀት በልጅ እጅ ያልፋል። በ1984 በሱዳን በኩል የመጡትም፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሆነው የገቡትም፣ ከዚያ ወዲህ ጎንደርና አዲስ አበባ ዓመታት ጠብቀው የደረሱትም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ስለዚህ ጉዳይ ስንወያይ ብዙ ጊዜ ስለ ጎረምሶች እናወራለን፤ አባቱን አልሰማ ስላለው፣ እናቱን ስለሚያታልለው። ሥሩ ግን ከዚያ በፊት ነው። ልጅ «እማዬ አታውቅም» የሚለውን የሚማረው በክታ አሌፍ ደብተር ፊት፣ በ6 ዓመቱ ነው። እኛ አስጠኚዎቹ ደግሞ እናትን ወደ ማድ ቤት ሸኝተን ትምህርቱን እናጸናለታለን።

የእጅ ሥራ ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ዕብራይስጥ የማያውቅ ወላጅ በሒሳብ ጥያቄ ላይ መርዳት ይቸግረዋል፤ ጥያቄው በቋንቋ ነውና። በንባብም ይቸግረዋል። በክታቭ ግን አይቸግረውም። ክታቭ የእጅ ሥራ ነው። የሚፈልገው የምታይ ዓይን፣ የማትቸኩል እጅና ትዕግሥት ነው። በዚህ ደግሞ ወላጆቻችን ከእኛ ይበልጣሉ።

ቤተ እስራኤል በሸክላ፣ በሽመናና በብረት ሥራ ስማቸው የታወቀ ሕዝብ ነበሩ። ቄሶቻችን በስግድ የሚያነቡት ኦሪትም በግዕዝ፣ በብራና ላይ፣ በሰው እጅ ተጽፎ የቆየ ነው። እናት ለልጇ ስፌት ስታስተምር ምን ታደርግ እንደነበር ጠይቋት። ያማረውን ባለቀለም አለላ መጀመሪያ አትሰጣትም፤ የተረፈውን ስንደዶ ትሰጣታለች። ትልቅ ሙዳይ አታስጀምራትም፤ እፍኝ የማትሞላ ትንሽ ነገር ታስጀምራታለች። ሲጣመም «ፍቺውና እንደገና» ትላታለች እንጂ ሥራውን ነጥቃ አትጨርስላትም። ሸክላ ሠሪዋም ልጇን ጭቃ ታስቦካታለች፤ በመጀመሪያው ቀን እንስራ አታሠራትም። ለትንሽ ልጅ ክታቭ ማስተማርም መንገዱ ይኸው ነው። ከትልቅ እንቅስቃሴ ወደ ትንሽ፣ ከቀላል ወደ ከባድ፣ በጥቂቱና በየቀኑ።

ታናሽ እኅታችን ክታ አሌፍ ስትገባ ይህን በቤታችን ሞከርነው። የፊደሎቹን ክታቭ በትልቁ ጽፈን፣ እጅ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ በቀስት አሳይተን፣ የእያንዳንዱን ስም ከጎኑ በፊደል ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። እናታችን መጀመሪያ «እኔ ምን አውቅና!» አለች። ተቀምጣ ስታይ ግን እኛ ያላየነውን አየች። እኅታችን ሳሜክ ስትጽፍ ክቡን ሳትገጥም ትተወው ነበር። እናታችን በጣቷ ነካ አድርጋ «ይሄ አልገጠመም፣ ውኃ ያፈሳል» አለቻት። ልጅቷ ሳቀች፤ ደግማ ጻፈች፤ ገጠመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሜክ በጻፈች ቁጥር ደብተሩን አዙራ «እማዬ፣ ያፈሳል?» ትላታለች።

ከዚያ ወዲህ በቤታችንም፣ በምናስጠናባቸው ቤቶችም የጠቀመንን እንዘርዝር። ከባድ ነገር የለውም።

የልጁ እግር መሬት ይንካ፤ ካልደረሰ ካርቶን ወይም በርጩማ ከእግሩ ሥር ይደረግ። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ እጁም አይረጋም። እርሳሱ አጭር ይሁን። ትንሽ እጅ ረጅም እርሳስ ሲይዝ በሙሉ ጭብጡ ይይዛል፤ አጭሩን ግን በሦስት ጣት ከመያዝ ሌላ ምርጫ የለውም። ሌላው እጅ ደብተሩን ይያዝ።

ከደብተሩ በፊት ትሪ ላይ ዱቄት ነስንሱና በጣቱ ይጻፍ። ሰፊ ወረቀት ፍሪጁ በር ላይ ለጥፋችሁ ቆሞ በትልቁ ቢጽፍም ክንዱ እንቅስቃሴውን ይለምደዋል። ሲሳሳት ዱቄቱን ማበስ ነው፤ የሚቀደድ ወረቀት የለም።

በፊደል ተራ መሄድ ግዴታ አይደለም። ዮድ፣ ቫቭና ኑን ሶፊት በክታቭ አንድ እንቅስቃሴ ናቸው፤ ዮድ አጭር፣ ቫቭ ረዘም ያለ፣ ኑን ሶፊት ከመስመሩ በታች የሚወርድ። በነዚህ ሦስት ብቻ ልጁ መስመር ምን እንደሆነ ይገባዋል። ከዚያ ላሜድ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ኩፍ ወደ ታች እንደሚወርድ ያያል። ጊሜልና ዛይንን ግን በአንድ ቀን አታምጡ፤ በክታቭ ፊታቸውን ያዞሩ መንትዮች ስለሚመስሉ ትልቅ ሰውም ያምታታሉ። አንድ ጥሩ ነገር ደግሞ አለ። ክታቭ እንደ እንግሊዝኛው የተያያዘ ጽሑፍ አይቀጣጠልም፤ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ይቆማል። ስለዚህ የተበላሸውን አንዱን ብቻ ማስተካከል ይቻላል።

ግራኝ ልጅን አትከልክሉት። በአገር ቤት ግራ እጅን ማስተው ልማድ ነበር። ዕብራይስጥ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ የግራኙ እጅ ከጽሑፉ ፊት ፊት ይሄዳል፤ የጻፈውን አይሸፍነውም። የሚቸገረው እንዲያውም ቀኝ እጁን የሚጠቀመው ነው።

10 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ሙሉ ገጽ ከማስሞላት አምስት ፊደል በደንብ ማስጻፍ ይሻላል። ከጨረሰ በኋላ ወላጅ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ከነዚህ ውስጥ የትኛዋ አማረች?» ልጁ መርጦ ይክበባት። ይህን ለመጠየቅ ዕብራይስጥ አያስፈልግም። መቆንጠጥና «ገጹን በሙሉ ድገም» ማለት ግን ይቅር። በቁንጥጫ የተማሩ ወላጆቻችን ቁንጥጫው ምን እንዳስጠላቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ።

መጨረሻ ላይ የልጁ ስም ይጻፍ። ልጁ ከቀኝ ጀምሮ በክታቭ፣ እናት ከግራ ጀምራ በፊደል፣ በአንድ መስመር ላይ። ፊደል ያልቆጠረች እናት የጥልፏን ምልክት ትሣልበት። ልጁ እናቱ የራሷ እጅ ጽሑፍ እንዳላት ይይ።

የሚነሡብን ጥያቄዎች

«ወላጆች መቼ ጊዜ አላቸው?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። ሌሊት ጽዳት፣ ቀን ፋብሪካ የሚሠራ ወላጅ ደብተር ይቆጣጠር ማለት ድካሙን አለማወቅ ነው። እኛም ያደግነው እንዲህ ባለ ቤት ነው። ለዚህ ነው 10 ደቂቃ ያልነው። በሳምንት ሦስት ቀን ቢሆንም ይበቃል። ዓርብ ሻማ ሳይበራ በፊትና ሞጻኤ ሻባት ላይ ብዙ ቤት ወላጅና ልጅ አብረው ይገኛሉ፤ በመካከሉ ሰንበት ስለሆነ እጅም ያርፋል።

«ክታቭ ምን ያደርጋል፣ ሁሉም በኮምፒዩተር አይደል?» የሚሉም አሉ። እኛም የዩኒቨርሲቲ ወረቀታችንን የምንሠራው በኮምፒዩተር ነው። የክታ አሌፍ ልጅ ግን ውሎው በእርሳስ ነው። ፊደል ለመጻፍ ሲታገል ሐሳቡ ሁሉ እጁ ላይ ያልቃል፤ መምህርቷ የምትለውን የሚሰማበት ትርፍ አይኖረውም። ሲዘገይ ሰነፍ ይባላል፤ ከዚያም የባሰ ስም ይሰጠዋል። በእጁ ምክንያት አእምሮው እንዲገመት አንፈልግም።

«ወላጅ አሳስቶ ቢያስተምርስ?» ቀስቱ ያለበት ወረቀት ግድግዳው ላይ ካለ ብዙ አያሳስትም። ቢያሳስትም ከታች የተጀመረ ላሜድ ይስተካከላል። እናቱን መናቅ የለመደ ልጅ ግን በቀላሉ አይስተካከልም።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። ተለማምዶም እጁ የሚያመው፣ በጥቂት መስመር የሚደክም፣ እርሳስ መያዝ የሚያስለቅሰው ልጅ ካለ ልምምድ ብቻውን አይበቃውም። በኩፓት ሆሊም ወይም በትምህርት ቤት በኩል ሪፑይ በዒሱክ ይጠየቅለት። ይህ ልጁ አእምሮው ጎደለ ማለት አይደለም፤ የእጁ ጡንቻ እገዛ ይፈልጋል ማለት ነው። ወንድማችን ያስፈለገው ይኸው ነበር። በአራቱ መስመር ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ እኛ ደበቅነው፤ አንድ ዓመት አለፈው።

ከማን ምን እንጠይቃለን?

መጀመሪያ ከራሳችን። ልጅ የምናስጠና ተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን እናትን ወይም አባትን «እባክዎ እዚህ ይቀመጡ» እንበል። ሥራ ላይ ከሆኑ አንዱን ቀን እነሱ ወደሚገኙበት ሰዓት እናዛውር። ክታቭ ስናስተምር በአማርኛ ወይም በትግርኛ እናውራ፤ አማርኛችን ቢሰባበርም ይስቁብን። ሳንጨርስ እርሳሱን ለወላጅ እንስጥና እጃችንን እንሰብስብ። ዓመቱ ሲያልቅ እኛ እንወጣለን፤ እነሱ ይቀራሉ። መምህርት የጻፈችውን ስናነብላቸው ደግሞ ያለውን እንዳለ እናንብብ። ከባድ ነገር ከሆነ አንብበን አብረናቸው እንሂድ።

ከወላጆች። «እኔ አላውቅም» የሚለውን በልጅ ፊት አታብዙት። አሴፋት ሆሪም ስትሄዱ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ መምህርቷ ማስታወሻዋን በድፉስ እንድትጽፍላችሁ፣ ወይም በዋትስአፕ ተይቦ ወይም በድምፅ እንድትልክላችሁ። ይህ ልመና አይደለም። ስለ ልጃችሁ የተጻፈውን ማወቅ መብታችሁ ነው።

ከትምህርት ቤቶች። ክታቭ ሲጀመር ቀስት ያለበት አንድ ገጽ ለወላጅ ይላክ። ወላጅ ፈርሞ ዝም ሲል፣ ግድ የለውም ከማለት በፊት ማን እንዳነበበለት ይጠየቅ።

እናታችን ዛሬም ዕብራይስጥ አቀላጥፋ አታነብም። ሆኖም ከእኅታችን ጋር በተቀመጠችባቸው ወራት ዓይኗ ብዙ ያዘ። በደብተሩ ላይ የመምህርቷን ክታቭ ስታይ የልጇን ስም ታገኘዋለች፤ ስንት ጊዜ እንደተጻፈም ትቆጥራለች። ከዚያ ጣቷን እዚያው ላይ አኑራ «እዚህ ምን አለችባት?» ትለናለች። ጣቷ እስካልተነሣ ድረስ «ጎበዝ ናት» ብሎ ማለፍ የለም።

ይህን ጽሑፍ በፊደል ለማንበብ የምንቸገር በመካከላችን ብዙዎች እንዳለን እናውቃለን። እዚህ አገር ተወልደን ወይም በልጅነታችን መጥተን ሀ ሁን ሳንጨርስ ቀርተናል። እናንተ የከበዳችሁ፣ መጽሔቱን ቤት ውሰዱና ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ስጡ። ከጎናቸው ተቀምጣችሁ «አንብቡልን» በሉ። እነሱም ያለውን እንዳለ ያነቡላችኋል።